ለተሳቢ የሚሆን ያገለገለ መኪና እንዴት ይመረጣል?

አንድ የማውቃቸው ነጋዴ በቅርቡ ስልክ ደውለው «መኪናዬን የሚገዛ ሰው ፈልግልኝ» አሉኝ። እኚህ ሰው ለአስጎብኚዎች የሚከራይ ባለ አራት አልጋ ማደሪያ ተሳቢ፣ ፈረንጆቹ ካራቫን የሚሉትን ዓይነት፣ በብየዳ ቤት አሠርተው ለመሳቢያ የሚሆናቸውን ደብል ጋቢና ፒካፕ ከገዙ ገና አምስት ወራቸው ነበር። ምን እንደገጠማቸው ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ሆነ። «ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለኝ። እግዜር ነው ያተረፈኝ።»

ፔዳሉ ወለል ሲነካባቸው ማርሹን ወደ ታች እያወረዱ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳቡ፣ በመጨረሻም መንገድ ዳር ከተከመረ አፈር ጋር አላትመው ነው ያቆሙት። ከኋላ አምስት ሰው ተሳፍሮ ነበር።

መኪናው የተበላሸ አልነበረም። ሻጩም አላታለላቸውም። ደላላው የነገራቸው ሁሉ እውነት ነበር፤ ሞተሩ አልተነካም፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ሊብሬው ንጹሕ ነው። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ከገዢው ጀምሮ እስከ መካኒኩ ድረስ «ለመሆኑ የሚጎትተው ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለው ስሕተት በዛሬው የመኪና ገበያ ውድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለው ያገለገለ የናፍጣ መኪና እንደ ቋሚ ንብረት የሚታይ ሆኗል። ተሳስቶ የገዛ ሰው «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ሲል የደላላ ክፍያና የስም ማዛወሪያ ወጪ ሁለት ጊዜ ይጠብቀዋል።

መጀመሪያ ሚዛን

እህል በረንዳ ሳይመዝን የሚገዛ ነጋዴ የለም። ተሳቢ ላይ ሲደርስ ግን ይኸው ነጋዴ በዓይኑ ገምቶ ያልፋል። የእኚህን ሰው ተሳቢ የሠራው ባለሙያ «ቢበዛ ስምንት መቶ ኪሎ ነው» ብሏቸው ነበር። ከአደጋው በኋላ የመኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ባዶው 900 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ላይ 200 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተገጥሞለታል፤ ሲሞላ 200 ኪሎ ነው። ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ከነጋዙ ወደ 54 ኪሎ፣ ጄኔሬተር 100 ኪሎ፣ ፍራሽ፣ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ 150 ኪሎ ይጨምራል። ድምሩ 1,404 ኪሎ ነው። በቃል ከተነገራቸው ጋር ያለው ልዩነት ስድስት ኩንታል ነው ማለት ነው።

ገዢው ሁለት ቁጥሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው መኪናው የሚጎትተው ክብደት ነው፤ ሻጭም ደላላም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው መኪናው በራሱ ጀርባ የሚሸከመው ክብደት ነው፤ ይህን የሚጠይቅ አይገኝም። ሁለቱ የሚገናኙት ጋንቾው ላይ ነው። ተሳቢ በትክክል ከተጫነ ከክብደቱ አሥር በመቶ የሚሆነው በመኪናው ጋንቾ ላይ ያርፋል። በእኛ ምሳሌ 140 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህ ክብደት ለመኪናው ጭነት እንጂ ጉተታ አይደለም፤ ከኋላው ባሌስትራ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ክብደት በማሳነስ መገላገል አይቻልም። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምርና መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ሮቶውና ጄኔሬተሩ ከተሳቢው አክስል በላይ፣ አለዚያም ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጣሉ። ለመለካት ባለሙያ አያስፈልግም። ተሳቢውን በጭነቱ ልክ ሞልቶ ደልዳላ ቦታ ላይ ካቆሙ በኋላ የፊት አንገቱን በመጋዘን ሚዛን ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

አሁን መኪናው ራሱ የሚሸከመውን እንደምር። አምስት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 350 ኪሎ ነው። የፊት መከላከያ ብረት፣ ጣሪያ ላይ ያለው ፖርታ ባጋልና ዊንቹ 120 ኪሎ፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ 34፣ የመጠጥ ውኃ 100፣ ሻንጣ 120፣ መፍቻና ተጨማሪ ጎማ 80፣ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው 140፤ ድምሩ 944 ኪሎ ይሆናል። በገበያችን የሚታዩት አብዛኛዎቹ ደብል ጋቢናዎች የሚሸከሙት ከ1,000 ኪሎ በታች ነው። መኪናው «ሁለት ቶን ይጎትታል» ተብሎ ተገዝቶ አንድ ቶን ተኩል ሳይጎትት ጀርባው ሞልቶ አረፈ። ፋብሪካው የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም በበሩ መቃን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። መጽሐፉ ከጠፋ ሞዴሉንና የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ አስመጪውን መጠየቅ ነው።

አዲስ አበባ የሚበላው ጉልበት

ፋብሪካ የሚጽፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለው አየር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ከአራት እጅ ወደ አንድ እጅ የሚጠጋው እዚሁ ከጋራዥ ሳይወጣ ጠፍቷል ማለት ነው። 131 ፈረስ ጉልበት የተጻፈለት የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ሞተር በእኛ ከተማ የሚሰጠው ወደ 100 ይጠጋል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያን ያህል አይበረታበትም።

ከዚህ የተነሳ በሞተር ሲሲ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አሮጌው ባለ 3,000 ሲሲ ሂሉክስ፣ 5ኤል የሚባለው ሞተር ያለበት፣ ተርቦ የለውም። ከ2004 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሂሉክስ ቪጎም ባለ 3,000 ሲሲ አለው፤ 1ኬዲ የሚባለው ይህ ሞተር ግን ተርቦ ያለው ነው። በሲሲ እኩል ቢሆኑም ሙሉ ተሳቢ ይዘው ዳገት ሲወጡ አይተዋወቁም።

ቁልቁለቱ

ይሁንና የጉልበት ማነስ ቢበዛ ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በቁልቁለቱ ምክንያት ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከላይ የደመርነው መኪና ራሱ 1,800 ኪሎ ቢመዝን ከነጭነቱና ከነተሳቢው ወደ 4,000 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ክብደት ከዚያ ከፍታ አውርዶ ታች ለማቆም ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል ከ160 ሊትር በላይ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል፤ ጥቂቱን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። የቀረው በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዓመታት የቆየ ዘይት ውስጥ የገባው ውኃ ፍሬኑ ሲግል ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ግፊቱን አያስተላልፍም፤ ፔዳሉ ወለል የሚነካው በዚህ ጊዜ ነው። የእኚህ ነጋዴ ፒካፕ ከተማ ውስጥ ሲነዳ ምንም እንከን ያልታየበትም ለዚህ ነው። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ ሻጩ ካላወቀ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ በገዙ ማግሥት ማስለወጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ። ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ከቁጥር አይገባም።

የተሳቢው የራሱ ፍሬን ሌላው ጉዳይ ነው። በበርካታ ፒካፖችና ላንድክሩዘሮች ላይ ፋብሪካው ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የሚፈቅደው 750 ኪሎ ብቻ ነው። «2,500 ኪሎ ይጎትታል» የሚባለው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። በየብየዳ ቤቱ ያየኋቸው ትናንሽ ተሳቢዎች አብዛኛዎቹ ፍሬን የላቸውም። ከመኪናው ግፊት ሲደርሰው በራሱ የሚይዝ ሜካኒካል ፍሬን አለ፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ ነገር ግን በረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቅ ስለሚይዝ እሱም ይግላል። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ፍሬን ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ የሚገጥመውም ባለሙያ እንደልብ አይገኝም። እኔ ብሆን ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሼ ለዚህ አወጣለሁ። ተሳቢው ከጋንቾው ቢላቀቅ የሚይዘው ሰንሰለትም ከመኪናው ሻንሲ ጋር መታሰር አለበት።

ገበያው ላይ ያሉት

ባለ 1,400 ኪሎ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ከቤት አውቶሞቢሎችና እንደ ራቭ4 እና ቪታራ ካሉት ቀላል መኪኖች መራቁ ይበጀዋል። የተወሰነ ክብደት ለመሳብ ፋብሪካ የፈቀደላቸው አሉ፤ ሙሉ ቤተሰብ ጭነው፣ በእኛ መንገድና በእኛ ከፍታ ግን ትርፋቸው ጠባብ ነው። በአዲስ አበባ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ተሳቢ እንዲስቡ አልተፈቀደላቸውም፤ የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ ከባድ ማደሪያ ተሳቢ ሲስቡ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ባለ 1ኤችዜዱ ላንድክሩዘር፣ 78 ወይም 79፣ የሁሉም ምኞት ነው። ተሳቢው ፍሬን ካለው እስከ 3,500 ኪሎ ይስባል፣ መለዋወጫው በየክፍለ አገሩ ይገኛል፣ ሞተሩን የማያውቅ መካኒክ የለም። ዳገት ላይ ግን ቀርፋፋ ነው። ዋጋውም የሚሰቀለው የብዙ ሰው ምኞት በመሆኑ ነው። ለ1,400 ኪሎ ተሳቢ ይህን መግዛት ለአንድ ኩንታል ጤፍ አይሱዙ እንደመከራየት ይመስለኛል። የእርዳታ ድርጅቶችና ኤምባሲዎች ጨረታ ሲያወጡ መከታተል ግን አይከፋም። እዚያ ላይ ጥንቃቄው በቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ የማይዛወር መሆኑ ነው። ጨረታው ላይ የተጠራው ዋጋ ቀረጡን ይጨምር አይጨምር ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ይጣራ።

ሂሉክስ ቪጎ ባለ 3,000 ሲሲ ተርቦ ለዚህ ሥራ ልኩ ይመስለኛል። እንደ ሞዴሉ ከ2,250 እስከ 2,500 ኪሎ ይስባል። ደካማ ጎኑ ኖዝሉ ነው። የኖዝሉ ማሸጊያ ሲያፈስ ጥላሸቱ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀልና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ያኔ ሞተሩ ዘይት ተጠምቶ ይነክሳል። ስለዚህ ኖዝሉ መቼ እንደተፈተሸ ማስረጃ ይጠየቅ፤ ማስረጃ ከሌለ የማስፈተሻው ወጪ ከዋጋው ይቀነስ። የእኚህ ነጋዴ መኪና ባለ 5ኤሉ አሮጌ ሂሉክስ ነበር። መጥፎ መኪና አይደለም፤ ለቀላል ተሳቢ፣ ለደልዳላ መንገድ፣ ለአዳማና ለዝዋይ ይበቃል።

አሁን ደላሎች የማይወዱትን አንድ ሐሳብ ላንሳ። ገበያው «ነዳጅ ትበላለች» ብሎ የሚጥላቸው የቤንዚን መኪኖች አሉ፤ የቤንዚን ላንድክሩዘርና የቤንዚን ኒሳን ፓትሮል። ሻንሲያቸው ጠንካራ፣ ሞተራቸው ትልቅ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው በእርግጥም ኪሳራ ናቸው። ተሳቢው ግን በዓመት የሚወጣው ስንት ቀን ነው? በዓመት 6,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ተጨማሪ ቢበላ በዓመት 480 ሊትር ነው። የዕለቱን የሊትር ዋጋ በ480 ያባዙና ከናፍጣው መኪና ጋር ካለው የመግዣ ዋጋ ልዩነት ጋር ያወዳድሩት። ልዩነቱ ያንን ነዳጅ ለብዙ ዓመት የሚሸፍን ሆኖ ካገኙት ገበያው የናቀውን መግዛት ነው።

ሲፈትሹ

መኪናውን ሻጩ በመረጠው አስፋልት ላይ አይሞክሩት። አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ከኋላ ያስጭኑና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ያውጡት። የሙቀት መለኪያው ከመሐል አልፎ ከወጣ ራዲያተሩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ያጠራጥራል። ዳገቱ መሐል አቁመው እንደገና ያስነሱት፤ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ሲመለሱ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱና ሞተሩ መኪናውን እንዴት እንደሚይዘው ያስተውሉ። ከዚያ ከሥር ይግቡ። ጋንቾው የታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው ወይስ ከኋላ ፓራውልቱ ጋር የተበየደ ነው? ፓራውልት ላይ የተበየደ ጋንቾ ለጌጥ ነው። በሻንሲው ላይ፣ በተለይ ከጋቢናው ጀርባ ባለው ቦታ፣ ስንጥቅ ወይም አዲስ የተበየደ ብረት ካዩ ዋጋ መከራከሩን ትተው ይሂዱ። ሻጩ ይህን ሙከራ እምቢ ካለ እምቢታው ራሱ መልስ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ሦስት ቦታ ይጠየቃል። ተሳቢው የራሱ ሰሌዳ ስለሚያስፈልገው መንገድ ትራንስፖርት፣ መኪናው ተሳቢ ለኪራይ እንደሚስብ በውሉ ላይ እንዲሰፍር ኢንሹራንሱ ዘንድ፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ለተሳቢ ያበቃ እንደሆነም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው።

መግዛት ወይስ መከራየት

ለስሌት ያህል መኪናው 3 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ገንዘቡ ከባንክ በ17 በመቶ ወለድ ቢገኝ የዓመቱ ወለድ 510,000 ብር ነው። ተሳቢው በዓመት 40 ቀን ብቻ የሚወጣ ከሆነ አንዱ የሥራ ቀን 12,750 ብር ይሸከማል፤ ነዳጅ፣ ሾፌር፣ ጎማና ኢንሹራንስ ገና አልተነሡም። ጠንካራ መኪና ከነሾፌሩ በቀን ከዚህ ባነሰ የሚከራይ ከተገኘ ተሳቢው ብቻ የእርስዎ ሆኖ ሳቢው የሌላ ሰው ቢሆን ያዋጣል። ቀኑ 150 ሲደርስ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ወለዱ በቀን 3,400 ብር ይሆናል።

«የመኪናው ዋጋ በዓመቱ ይጨምር የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ይጨምር ይሆናል። ያ ትርፍ ግን መኪና ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ነው፤ ተሳቢው ያመጣው አይደለም። ሁለቱን በአንድ ደብተር የሚጽፍ ሰው የሚከስር ሥራ ይዞ ያተረፈ እየመሰለው ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ነጋዴው በመጨረሻ ፒካፓቸውን በገዙበት ዋጋ ሸጡት፤ የገዛቸው ሰው ሽንኩርት ከዝዋይ ያመላልስበታል። ከተሳቢው ላይ ጄኔሬተሩን አወረዱ፣ ሮቶውን ባለ 50 ሊትር አደረጉት፤ ክብደቱ ወደ 1,154 ኪሎ ወረደ። ፍሬንም አስገጠሙለት። መሳቢያውን ግን አሁን በጉዞ በጉዞው ይከራዩታል። ባለፈው ሳምንት ስደውልላቸው ጎሐ ጽዮን ቆመው ሻይ እየጠጡ ነበር። ሾፌሩ ከመውረዱ በፊት ፍሬኑን አይቶ እስኪጨርስ እየጠበቁት ነው።